ማሲንቆው ለጉሮሮ ይቃኛል

ላምበረት ላይ ቀኑ የሚጀምረው በድምፅ ነው። ገና ሳይነጋ የመናኸሪያው ዙሪያ ይሞላል። ረዳቶቹ «መገናኛ፣ መገናኛ!»፣ «ካራ፣ ካራ!» እያሉ ይጣራሉ፤ ከየካ ተራራ ጥግ ደግሞ የማኅሌቱ ዜማ በድምፅ ማጉያ ይወርዳል። ማለዳ ጥርት ብሎ ይሰማ የነበረው የረዳቱ ድምፅ እኩለ ቀን ሳይሆን ይሻክራል፤ አመሻሹ ላይ ጎርናና ሆኖ የሚጠራው ሰፈር እንኳ በቅጡ አይለይም። ሌሊቱን ሙሉ ቆመው ሲያዜሙ ያደሩት መሪጌታ ግን ጠዋት በቤተ ክርስቲያኑ በር ሰው ሲያነጋግሩ ድምፃቸው እንዳለ ነው። ከሁለቱ አንዳቸው ድምፅ እንዴት እንደሚወጣ ለዓመታት ተምረዋል፤ ሌላው ያስተማረው የለም።

በአዲስ አበባ ሠላሳ ዓመት ያለፈውን ሰው ሠርግ ቤት ወይም ማኅበር ላይ «እስቲ አንድ ዜማ ያዝልን» ቢሉት ከአፉ ቀድሞ የሚወጣው «ኧረ ተዉኝ፣ ድምፅ የለኝም» ነው። ይህ ፍርድ ብዙ ጊዜ የተሰጠው በልጅነት ነው። አንዱን የመዝሙር መምህሩ «አንተ አፍህን ብቻ አንቀሳቅስ» ብለውታል። አንዷን እኅቶቿ ስቀውባታል። በወንዶቹ ላይ ደግሞ ተፈጥሮም የምትጨምረው አላት። ለቡሄ ሆያ ሆዬ በቀጭን ድምፅ ሲያወርድ የነበረ ልጅ አሥራ ሦስት፣ አሥራ አራት ዓመት ላይ ማንቁርቱ ሲያድግ ድምፁ አንድ ኦክታቭ ገደማ ይወርዳል። በሽግግሩ ወራት ድምፁ ይሰነጠቃል፤ ባልታሰበ ቦታ ቀጥኖ ያመልጣል። ልጁ ያፍርና ዝም ይላል። የብዙ ወንዶች ዘፈን እዚያ ላይ ቆሟል። ድምፁ ከረጋ በኋላ ተመልሶ የፈተሸው ሰው ጥቂት ነው።

በዚያ ፍርድ ላይ ይግባኝ ሊባል ይገባል። ከሠላሳና ከአርባ ዓመት በኋላ ዜማ መማር ይቻላል፤ እንዲያውም የአዋቂ ድምፅ የረጋ ስለሆነ ዛሬ የተገኘው ልክ ከወራት በኋላም እዚያው ይገኛል። ነገር ግን አብዛኛው አዋቂ ጀማሪ የሚሳሳተው ገና በመጀመሪያው እርምጃ ላይ ነው። የራሱን ድምፅ ሳያውቅ በሌላ ሰው ድምፅ ልክ ለመዝፈን ይነሳል።

የማሲንቆ ተጫዋች ይህን ስሕተት አይሠራም። ማሲንቆ ያለው አንድ የጭራ ክር ነው። አዝማሪው ከመጀመሩ በፊት መቃኛውን እየጠመዘዘ ጭራውን የሚያላላውና የሚወጥረው ለራሱ ጉሮሮ ነው። ድምፀ ወፍራሙ ዝቅ አድርጎ፣ ድምፀ ቀጭኑ ከፍ አድርጎ ይቃኛል። ክራርም እንዲሁ ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ የሚወስኑት በድምፆቹ መካከል ያለውን ርቀት ነው፤ ዜማው ከየትኛው ከፍታ ይነሳ የሚለውን ለዘፋኙ ይተዉታል። ትዝታ ለወፍራሙም ለሰላላውም እኩል ትዝታ ነው።

ቴፕ፣ ከዚያም ስልክ ይህን ነፃነት ሳናውቀው ወሰደብን። የጥላሁን ገሠሠን ወይም የአስቴር አወቀን ዘፈን ሲሰሙ ያደጉ ሰዎች ዜማውን ከነከፍታው ተቀብለውታል። ስለዚህ ድምፁ ወፍራም የሆነ የባንክ ሠራተኛ የጥላሁንን ዘፈን ጥላሁን በያዘው ከፍታ ይይዝና፣ ከፍ የሚለው ቦታ ላይ ሲደርስ አንገቱ ይገተራል፣ አገጩ ወደ ላይ ይነሳል፣ ድምፁ ይሰነጠቃል። «አየህ፣ ድምፅ የለኝም» ይላል። ያንኑ ዜማ ሁለት ወይም ሦስት ድምፅ ዝቅ ቢያደርገው ሳይጨነቅ ይወጣው ነበር። የዛሬ ኪቦርዶች ለዚሁ የተሠራ ቁልፍ አላቸው፤ ተጫዋቹ አንዴ ነክቶት ዜማውን እንዳለ ያወርደዋል ወይም ያወጣዋል። ሠርግ ላይ የሚጫወት ማንኛውም ኪቦርዲስት በየቀኑ የሚያደርገው ነው። ታላላቅ ድምፃውያንም ዕድሜ ሲጨምር ድሮ የዘፈኑትን ዝቅ አድርገው ይጫወቱታል፤ ነውር አይደለም።

ስለ ተሰጥኦ የሚነገረውም መታረም አለበት። ጥላሁን ልዩ ጉሮሮ ይዞ መወለዱን የሚክድ የለም። ሆኖም በሀገር ፍቅር ቲያትር፣ ቀጥሎም በክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ያለፈ ሰው ነው። በዚያ ዘመን የክብር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊትና የፖሊስ ኦርኬስትራዎች ድምፃውያን ደመወዝተኞች ነበሩ፤ ልምምድ የሥራ ሰዓታቸው ነበር። እንደ ንርሴስ ናልባንዲያን ያሉ፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትር የሠሩና በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ያስተማሩ ሙያተኞችም ያን ትውልድ አንፀዋል። ማሕሙድ አሕመድ ከጫማ ማሳመርና ከክበብ አገልግሎት ሥራ ተነስቶ ወደ መድረክ መውጣቱ ብዙ ጊዜ ይተረካል። ከዚያ በኋላ ከክብር ዘበኛ ጋር ያሳለፋቸው የልምምድ ዓመታት ግን እምብዛም አይነሱም። አድማጭ የሚያየው መድረኩን ነው። ልምምዱን ስላላየ ሁሉንም ከሰማይ የወረደ ያደርገዋል፤ የራሱንም ድምፅ በዚያው ሚዛን ይፈርድበታል።

አንገት ውስጥ የሚሆነውን ማወቅ ከዚህ ፍርሃት ግማሹን ያነሳል። በማንቁርት ውስጥ ሁለት የድምፅ ክሮች አሉ። ክር ይባሉ እንጂ ጡንቻና ስስ ሽፋን ናቸው፤ በአዋቂ ወንድ ከ17 እስከ 25 ሚሊ ሜትር፣ በሴት ደግሞ ከዚያ አጠር ይላሉ። ከሳንባ የሚመጣ አየር ሲያልፍባቸው እየተገናኙ እየተለያዩ ይርገበገባሉ። ወንድ ሲያወራ በሴኮንድ መቶና ከዚያ ትንሽ በላይ፣ ሴት ስታወራ ሁለት መቶ ጊዜ ገደማ። አንዱ ጡንቻ ክሮቹን አሳጥሮ ያወፍራቸዋል፤ ሌላው ስቦ ያሳሳቸዋል። ክራር የሚቃኝ ሰው ይህን ለመረዳት ችግር የለበትም፤ የተወጠረ ክር ይቀጥናል፣ የላላ ይወፍራል። ክሮቹ ብቻቸውን የሚያወጡት ድምፅ ግን ጥዝ ከማለት ብዙም አይሻልም። ሰው የሚለይበትን መልክ የሚሰጡት ጉሮሮ፣ አፍና ምላስ ናቸው፤ የክራር ክር ያለ ገበቴው እንደማይሰማ ሁሉ።

ይህን ሁሉ በሕይወት ባለ ሰው ላይ አጥርቶ ያየው አንድ የዘፈን አስተማሪ ነው። ስፔናዊው ማኑኤል ጋርሲያ እ.ኤ.አ. በ1854 የጥርስ ሐኪም መስታወት ወደ ጉሮሮው አስገብቶ፣ የፀሐይ ብርሃን በሌላ መስታወት እያንፀባረቀ የገዛ ራሱን የድምፅ ክሮች ሲንቀሳቀሱ ተመለከተ። በቀጣዩ ዓመት ለንደን ለሚገኘው የሮያል ሶሳይቲ ግኝቱን አቀረበ። ዛሬ የአንገት በላይ ሐኪሞች የሚጠቀሙበት የማንቁርት ምርመራ ከዚያ የዘፈን መምህር ጉጉት ጀምሮ ያደገ ነው። ጋርሲያ ያን ጊዜ ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው ሰው ነበር፤ የገዛ ድምፁን ለማወቅ ገና ይፈልግ ነበር።

የኢትዮጵያ ሊቃውንት መስታወት አልነበራቸውም፤ ጆሮና ደረት ነበራቸው። በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የያሬድን ዜማ በምልክት እንዳስቀመጡት ይነገራል። ስምንቱን ምልክቶች ዛሬ ዘፈን የሚማር ሰው ቢያነባቸው የድምፅ አሠራር ትምህርት ሆነው ያገኛቸዋል፤ ድፋት፣ ሂደት፣ ቅናት፣ ይዘት፣ ቁርጥ፣ ጭረት፣ ርክርክ፣ ደረት። ይዘት ድምፁን ያዝ ይላል፣ ቁርጥ ቁረጥ ይላል፣ ርክርክ ድምፁ እየተንቀጠቀጠ እንዲወርድ ያዛል። ደረት ደግሞ ድምፁን ወደ ደረት አውርዶ በወፍራሙ ማዜም ነው። የአውሮፓ መምህራን «የደረት ድምፅ» እና «የራስ (የጭንቅላት) ድምፅ» እያሉ ሲከፋፍሉ የኖሩትን የድጓ መምህራችን በአንዲት ትንሽ ምልክት ከፊደል በላይ ጽፎታል። ተማሪው ሲያዜም እጁን ደረቱ ላይ ቢያደርግ ንዝረቱን ይሰማዋል። ይህ ለጀማሪ ዋጋው ብዙ ነው፤ ድምፁ የት እንዳለ በእጁ ያውቃል።

የራስ ድምፅንስ? ለዚያ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ክርስትና ወይም ሠርግ ባለበት ግቢ እልል የሚሉ እናቶች በቀጭኑ፣ ክሮቹ ተስበው ሳስተው በሚሰጡት ድምፅ ላይ ምላሳቸውን እያመላለሱ ነው የሚያደርጉት፤ አንገታቸው ሳይገተር፣ ጉሮሯቸው ሳይጨነቅ። «ድምፅ የለኝም» የምትል የስድሳ ዓመት እናት ስታሸበሽብ የምታሰማው እልልታ ሌላው ሰው በመምህር የሚፈልገው ነገር ነው። ከእልልታው ላይ ምላሷን አቁማ ድምፁን ብቻ ብታስረዝመው፣ ከፍ ያለውን የድምፅ ክፍሏን አገኘችው ማለት ነው።

«ጆሮዬ አይሰማም» የሚሉም አሉ። እውነት ነው፣ የድምፅ ከፍታን መለየት የማይችሉ ሰዎች በዓለም ላይ አሉ፤ ሆኖም ከጠቅላላው ሕዝብ እጅግ ጥቂት ናቸው። ከቅኝት የሚወጣ አብዛኛው ሰው ሌላው ሲወጣ በደንብ ይሰማዋል። የጎደለው ጆሮው የሰማውን ለጉሮሮው ማዘዝ ነው። ይህ ደግሞ ብስክሌት ለመንዳት ሚዛን እንደሚለመደው በልምምድ የሚመጣ ነገር ነው። ካናዳ ሞንትሪያል ውስጥ ተመራማሪዎች በመናፈሻ ያገኟቸውን ተራ ሰዎች አንድ የታወቀ ዜማ አዘፍነው፣ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2007 አሳትመውት ነበር። አብዛኛው ሰው ከሚጠበቀው በላይ ልክ ሆኖ ተገኘ፤ የሳቱትም ቀስ ብለው እንዲዘፍኑ ሲደረግ ስሕተታቸው ቀነሰ። የቄስ ትምህርት ቤት ይህን ሳይለካ ይሠራበታል። የኔታ አንዲት ሐረግ በዝግታ ያዜማሉ፤ ተማሪው ይቀበላል፤ ሳይይዛት ወደሚቀጥለው አያልፍም። ድጓ ለመዝለቅ ዓመታት ይፈጃል፤ የድጓ መምህራን ወደሚገኙባት ወደ ጋይንቷ ቤተልሔም በእግሩ የሄደ ጎልማሳ ተማሪም በዚያው ዝግታ ነው የሚጀምረው።

ሌላው ተስፋ የሚያስቆርጥ ነገር ስልክ ነው። ሰው የራሱን ድምፅ ቀድቶ ሲሰማ ይደነግጣል፤ «ይሄ እኔ ነኝ?» ይላል። ስንናገር ድምፃችን በአየር ብቻ አይደለም ወደ ጆሯችን የሚገባው፤ በራስ ቅል አጥንትም በኩል ይመጣል፣ አጥንት ደግሞ ወፍራሙን ድምፅ ያጎላል። ስልኩ የቀዳው በአየር የሄደውን ብቻ ነው። ጎረቤት ሁልጊዜ የሚሰማው ያንን ሲሆን፣ ባለቤቱ ብቻ ነው እንግዳ የሚሆንበት። ሁለት ሳምንት በየቀኑ ቀድቶ የሚሰማ ሰው ድንጋጤው ይለቀዋል፤ ከዚያ በኋላ መስማት የሚጀምረው ድምፁ ማማሩን ወይም አለማማሩን ሳይሆን የት ላይ እንደሳተ ነው።

ከላምበረት ወደ ሰሜን ምዕራብ አሻግሮ የሚያይ ሰው የእንጦጦን ሰንሰለት ያያል። በገና ደርዳሪው መጋቤ ስብሐት ዓለሙ አጋ እ.ኤ.አ. በ1950 የተወለዱት እንጦጦ ነው። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳሉ አለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል ጎረቤታቸው ሆነው በገናን ከእሳቸው ተማሩ፤ በኋላም በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት አስተማሩ። ኢትዮፒክስ በሚባለው ተከታታይ የአልበም ስብስብ 11ኛው የእሳቸው ነው። አልበሙን የሰማ ሁሉ የሚያስተውለው አንድ ነገር አለ፤ ድምፃቸው አይጮህም። አሥሩ የበገና አውታሮች ከሥራቸው በሚገባው ቆዳ፣ በእንዚራው፣ ምክንያት እያንዘረዘሩ ሲናገሩ፣ ድምፃቸው ከሥር ዝቅ ብሎ፣ ለንግግር በጣም ቀርቦ፣ ከደረት ይወጣል። መድረክ የሚያናጋ ጉሮሮ የሌለው ጎልማሳ የሚገባበት ሰፊ በር ይህ ነው። በአዲስ አበባ በሥራ መውጫ ሰዓት በገና የሚማሩ ብዙ አዋቂዎች መኖራቸው የሚያስደንቅ አይደለም፤ በገና ሰውን ከሚናገርበት ከፍታ ላይ ይቀበለዋል። ዜማ ለመጀመር ለሚፈልግ አዋቂ «ከምትናገርበት ከፍታ ጀምር» ከሚለው የተሻለ ምክር ማግኘት ይከብዳል።

ልምምዱ ቀላል ነው፤ ይሰለቻል እንጂ። በኮንዶሚኒየም ስስ ግድግዳ መካከል ለሚኖር ሰው ደግሞ ጩኸት የማያስፈልገው መሆኑ ትልቅ ነገር ነው። የለስላሳ መጠጫ ቀሰም ይዞ በውስጡ «ኡ» እያሉ ድምፅን ከታች ወደ ላይ፣ ከላይ ወደ ታች ማንሸራተት፤ አሜሪካዊው የድምፅ ሳይንቲስት ኢንጎ ቲትዘ ለዓመታት የመከሩት ይህን ነው። አየሩ በጠባብ ቀዳዳ ሲወጣ ወደ ኋላ የሚገፋው ግፊት ክሮቹ ሳይጋጩ በቀላሉ እንዲርገበገቡ ያግዛቸዋል። ልጆች የመኪና ሞተር አስመስለው በከንፈራቸው «ብርርር» የሚሉትም ያው ሥራ ይሠራል። ትንፋሽ ሲሳብ ትከሻ አይነሳም፤ የጎን አጥንቶችና ሆድ ይሰፋሉ፣ ሲዘፈንም ቀስ ብለው ይመለሳሉ። አዲስ አበባ በአማካይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለል ሦስት አራተኛ ገደማ ነው፤ በበጋ ደግሞ አየሩ ይደርቃል። ሐረጉን አጠር አድርጎ መተንፈስ፣ ውኃም ደጋግሞ መጠጣት እዚህ ሲሆን ይበልጥ ያስፈልጋል።

የዝንጅብል ሻይ በማር ድምፅ ያጠራል የሚለው እምነት ሥር የሰደደ ነው። የምንውጠው ነገር ግን ክሮቹን ጨርሶ አይነካም፤ ስንውጥ የአየር ቧንቧው ይዘጋል፣ ሻዩ በኋላ ባለው የምግብ ቧንቧ ይወርዳል። ሙቀቱ ጉሮሮን ያሳርፋል፣ ፈሳሹም ውሎ አድሮ ሰውነትን ያረጥባል፤ ጥቅሙ እዚያ ላይ ያበቃል። ድምፁ ከሦስት ሳምንት በላይ የሻከረበት ሰው መሄድ ያለበት ወደ አንገት በላይ ሐኪም ነው። በጩኸት ብዛት ክሮቹ ላይ እብጠት ሊወጣ ይችላል። ለዚህ በጣም ከሚጋለጡት መካከል መምህራን አሉ፤ ላምበረት ደግሞ መምህራን የሚያሠለጥነው የኮተቤ የትምህርት ዩኒቨርሲቲ ጎረቤት ነው። ስድሳ ተማሪ ፊት ቆሞ ሠላሳ ዓመት የሚናገር ሰው ትንፋሹንና የድምፁን ልክ ሳይማር ክፍል መግባት የለበትም። ስለ ዘፈን የተነሳው ነገር እዚህ ላይ የእንጀራ ጉዳይ ይሆናል፤ ለረዳቱም እንዲሁ።

ለዚህ ሁሉ ትምህርት የሚያስፈልገው ቦታ ነው። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የሚያፈራው በሙዚቃ የሚተዳደር ባለሙያ ነው፤ የሚመዝነውም በዚያ ነው፣ ይገባዋልም። የሰንበት ትምህርት ቤቶችና የአብያተ ክርስቲያናት መዘምራን ብዙ ሰው ያስተምራሉ፤ የሚቀበሉት ግን ለአገልግሎት የመጣውን ነው። ከሥራ መልስ ለራሱ ደስታ ዜማ መማር የሚፈልግ የአርባ ዓመት ሰው በየሰፈሩ የሚገባበት በር ያንሰዋል። የየካ ክፍለ ከተማ የወረዳ አዳራሾችና የወጣት ማዕከላት በሳምንት ሁለት ምሽት ለዚህ ቢከፈቱ ወጪው አንድ መምህር፣ አንድ ኪቦርድ ወይም አንድ ክራር፣ አሥር ወንበር ነው። መሪጌቶች፣ አዝማሪዎችና የያሬድ ተመራቂዎች ተራ በተራ ቢያስተምሩ ይበልጥ ያምራል፤ እነዚህ ሦስት ሙያዎች አንድ ክፍል ውስጥ መገናኘት ከጀመሩ ትርፉ ለተማሪው ብቻ አይሆንም።

የመጀመሪያው ምሽት ምን ሊመስል እንደሚችል መገመት ይቻላል። ማንም አይዘፍንም። መምህሩ እያንዳንዱን ሰው እንደ ወትሮው ንግግሩ ከአንድ እስከ አሥር እንዲቆጥር ያደርጋሉ፤ ድምፁ የሚያርፍበትን ቦታ ክራሩ ላይ ይፈልጉለታል። ከዚያ «ኡ» እያለ ምቾት እስከሚሰጠው ድረስ ወደ ታች፣ ቀጥሎም ወደ ላይ ያንሸራትታል። ሁለቱ ጫፎች ወረቀት ላይ ይጻፋሉ። መምህሩ ክራሩን ለዚያ ሰው ድምፅ ይቃኙና አምስቱን የትዝታ ድምፆች አንድ በአንድ፣ በዝግታ ይሰጡታል። ባቲና አምባሰል ይቆያሉ፤ ድምፆቹ ጠበብ ጠበብ የሚሉበት አንቺ ሆዬ ጭራሽ ለሚቀጥለው ዓመት ነው። ወረቀቱ ላይ ቀኑ ይሰፍራል። ከሦስት ወር በኋላ ያው ሰው እንደገና ከአንድ እስከ አሥር ይቆጥርና ከሥሩ ሁለተኛ መስመር ይጻፍበታል።